ለስልኬ ያወጅሁት ሰዓት እላፊ

ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አጠገብ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ እኖራለሁ። ግቢው አምስት ክፍሎች አሉት፤ ግድግዳው ስስ ስለ ሆነ የአንዱ ሳል ለሌላው ይሰማል፤ የአንዱም መብራት በበሩ ስንጥቅ አልፎ ደጁ ላይ ይታያል። ዩኒቨርስቲ ጨርሼ መሥሪያ ቤት ከገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ይህን የምናገረው ስለ ራሴ ለማውራት ጓጕቼ ሳይሆን ዛሬ የማነሣው ጉዳይ የተጀመረው ከዚሁ ከበሩ ስንጥቅ ስለ ሆነ ነው።

ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበር። አከራዬ ለሰዓታት ሌሊት ተነሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በክፍሌ ደጃፍ ያልፋሉ። አንድ ቀን ማለዳ ፊቴን ስታጠብ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኙኝና «ልጄ፤ ይህ ሌሊት ሌሊት የምታነበው መጽሐፍ መቼ ነው የሚያልቀው?» አሉኝ። እኔም «ደርሻለሁ እማማ፤ ሊያልቅ ነው» ብዬ ዋሸሁ። በበሩ ስንጥቅ ያዩት ሰማያዊ ብርሃን የስልኬ ብርሃን እንጂ የመጽሐፍ መብራት አልነበረም። መጽሐፍማ ቢሆን ኖሮ ባለቀ ነበር። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው እግራቸው እስኪሰበር ድረስ በጸሎት ቆመው ከተጉት ጻድቅ ነው፤ እኔ ግን በስማቸው በተጠራው ሰፈር ውስጥ፣ በጀርባዬ ተጋድሜ፣ ለምን እንደምተጋ ሳላውቅ እተጋ ነበር።

በዚያው ቀን ስልኩ ራሱ የሚይዘውን መዝገብ ከፍቼ አየሁ። ዛሬ በእጃችን ያሉት ስልኮች ሁሉ ማለት ይቻላል ባለቤታቸው ምን ሲያይ እንዳመሸ በሰዓትና በደቂቃ ይጽፋሉ፤ ከፍቶ የሚያነበው ሰው ግን ጥቂት ነው። በአንዱ ሳምንት ውስጥ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብቻ 22 ሰዓት አሳልፌአለሁ። ይህም ማለት ሦስት የሥራ ቀን ሊሞላ ሁለት ሰዓት ብቻ የቀረው ጊዜ ነው። በዚያ ሁሉ ሰዓት ያየሁት ምን እንደ ነበር ለማስታወስ ብሞክር ሐብሐብ በሰይፍ የሚቈርጥ አንድ ሰው፣ የማላውቃቸው ሰዎች ሠርግና ስለ አርሴናል የተደረገ ክርክር ብቻ ትዝ አሉኝ። ክርክሩንም ማን እንደ ረታ አላስታውስም።

ጉዳቱን ግን አስታውሳለሁ። በዚያው ሰሞን ባረቀቅሁት ደብዳቤ ላይ አንዲት ዜሮ በመጕደሏ 450,000 ብር 45,000 ብር ሆኖ ከአለቃዬ ጠረጴዛ ደረሰ። አለቃዬ አልተቈጡም፤ ቍጥሩን በቀይ እስክሪብቶ ከበቡትና ፊቴን ለጥቂት ጊዜ ተመልክተው «ያምሃል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ከቍጣው ይልቅ ጥያቄው ከበደኝ።

የቀድሞው ዘመን መሣሪያ ራሱ ይተኛ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የሚያሳየው በምሽት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለ ነበረ፣ ፕሮግራሙ ሲያበቃ ተመልካቹ ወደደም ጠላም ወደ መኝታው ይሄዳል። ጋዜጣም የመጨረሻ ገጽ አለው። በደርግ ዘመን ደግሞ አዲስ አበባ ሰዓት እላፊ ታውጆባት የመሸበት ሰው ከደረሰበት ቤት ያድር እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያወጉናል። ያንን ጊዜ ማንም ተመልሶ እንዲመጣ አይመኝም፤ ነገር ግን ሌሊት የሚባል ነገር ከውጭ ይመጣና በር ይዘጋ እንደ ነበር ማስታወስ ይጠቅማል። ስልክ ግን ከውጭ የሚዘጋው የለም። ከውስጥም ቢሆን ማለቂያ የለውም፤ ይኸውም በድንገት የሆነ ነገር አይደለም። ኤዛ ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ገጹ ታች ሲደርስ ሌላ ገጽ በራሱ እየተተካ ማለቂያ እንዳይኖረው የሚያደርገውን ዘዴ ሠራ፤ ቈይቶም ይህን በመሥራቱ መጸጸቱን በይፋ ተናግሯል። የሱ ጸጸት ግን የኛን አውራ ጣት አላቆመውም።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። ኢትዮ ቴሌኮም ሌሊት ብቻ የሚያገለግል፣ ከቀኑ ይልቅ ዋጋው የረከሰ የኢንተርኔት ጥቅል ሲሸጥ ኖሯል። አሳቡ ለንግድ ትክክል ነው፤ ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ መሥመሩ ባዶ ስለሚሆን ባዶውን መሥመር በርካሽ መሸጥ ይሻላል። እኛ በዩኒቨርስቲ ማደሪያ ሳለን ይህን ጥቅል እንደ ትልቅ ችሮታ እንቈጥረው ነበር። ኪሳችን ባዶ ነው፤ ሌሊቱ ርካሽ ነው፤ ስለዚህም የተከፈለበት እንዳይባክን ብለን እንነጋ ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ ስምንት አልጋ ቢኖር ስምንት ትንንሽ መብራት በጨለማው ውስጥ ይታይ ነበር። ዛሬም ተማሪ የሆነ አንባቢ ይህን ሲያነብ ማንን እንደምል ያውቃል። እንግዲህ የሌሊት ልማዴን የተማርሁት እዚያ ነው፤ ዲግሪዬን ስወስድ ልማዱም አብሮኝ ወጣ።

ስለ ብርሃኑ ጥቂት ልበል። በዓይናችን ውስጥ ከማየት ይልቅ ቀንና ሌሊትን ለመለየት የሚያገለግሉ ሕዋሳት አሉ፤ ይልቁንም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ያነቃቸዋል። እነሱ ሲነቁ አንጐል ገና ቀን ነው ብሎ ያስባል፤ እንቅልፍ የሚጠራውን ሜላቶኒን የተባለ ንጥረ ነገርም ማመንጨቱን ያዘገያል። ቦስተን ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል የሚሠሩ ሊቃውንት በአውሮጳ አቈጣጠር በ2014 መጨረሻ ባወጡት ጥናት፣ 12 ሰዎች አምስት ምሽት ከሚያበራ ሰሌዳ ላይ፣ አምስት ምሽት ደግሞ ከወረቀት መጽሐፍ እንዲያነቡ አደረጉ። ከሚያበራው ሲያነቡ ሜላቶኒናቸው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ዘገየ፤ በማግሥቱም ጠዋት ይበልጥ ደንዝዘው ተነሡ። ይህን የሰሙ የስልክ ፋብሪካዎች ማታ ማታ ገጹን ቢጫ የሚያደርግ መሣሪያ ሰጡን፤ እኛም ቢጫ ስላደረግነው ነገሩ የተፈታ መሰለን። ሆኖም በአሜሪካ አገር በዩታ የሚገኘው የብሪገም ያንግ ዩኒቨርስቲ ሊቃውንት በ2021 ወጣቶችን መርምረው ስልኩን ቢጫ አድርገው በተጠቀሙትና እንደ ነበረ በተጠቀሙት እንቅልፍ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። በኔ አስተያየት ይህ አያስገርምም። አርሴናል በቢጫም ተሸነፈ በሰማያዊ ያው መሸነፍ ነውና ደም ማፍላቱ አይቀርም።

ስለዚህ ነገሩ ከብርሃኑ ይልቅ ከሰውየው ላይ ነው። እኔ ቀን ቀን በጣም ብርቱ ሰው ነኝ። ከምሳ በኋላ ቡና እየጠጣሁ «ዛሬ ማታ በ4 ሰዓት እተኛለሁ» ስል ከልቤ ነው። ችግሩ በ4 ሰዓት ስልኩን ይዞ የሚገኘው ይህ ሰው አለመሆኑ ነው። ያኛው የደከመው፣ የተሰላቸው፣ ብቻውን የሆነው ሌላ ሰው ነው፤ በቀን የተማለውን መሐላም አያውቀውም። አባቶቻችን ይህን ነገር በገንዘብ በኩል አስቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። ዕቁብ የሚጥል ነጋዴ ገንዘቡን በሳጥኑ ማስቀመጥ አቅቶት አይደለም፤ ሳጥኑን የሚከፍተው ራሱ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ከእጁ አውጥቶ ለዳኛው ይሰጣል፤ ቀኑ ሳይደርስ ቢለምንም አይሰጠውም፤ በዚህም ደስ ይለዋል። ታዲያ ለሰዓትስ እንዲህ ያለ ዕቁብ ቢኖረን ምን ይመስላል?

መሣሪያው በእጃችን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም። በ2018፣ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው፤ ጉግልም አፕልም ሰውን ከስልኩ ለመጠበቅ የሚረዳ መሣሪያ በስልኩ ውስጥ አስገቡ፤ የመጀመሪያው ዲጂታል ዌልቢንግ፣ የሁለተኛው ስክሪን ታይም ይባላል። ከሁለቱም በላይ የሚሄዱ፣ እንደ ታስከርና ማክሮድሮይድ ያሉ ፕሮግራሞች ደግሞ አሉ። አሠራራቸው እጅግ ቀላል ነው፤ ለስልኩ አስቀድሞ ትእዛዝ መስጠት ነው። «ይህ ሲሆን፣ እንዲህም ከሆነ፣ ያንን አድርግ።» ለምሳሌ፤ ሰዓቱ ይህን ያህል ሲሆን፣ ቀኑም የሥራ ቀን ከሆነ፣ ደወሉን ዝም አሰኝ፣ ቀለሙን አጥፋ፣ ቲክቶክን ዝጋ። ቀለሙን ማጥፋት ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሰሜን ዳኮታ ተካሂዶ በ2020 የታተመ ጥናት ስልካቸውን ጥቁርና ነጭ ያደረጉ ተማሪዎች አጠቃቀማቸውን በቀን በአማካይ 38 ደቂቃ ያህል እንደ ቀነሱ አሳይቷል። እኔም ሞክሬው ነበርና እውነት ነው፤ ቀይነቱ የጠፋ ሐብሐብ ማን ያያል?

እንግዲህ አዋጁን አወጅሁ። የመኝታ ጊዜ በሚለው ስፍራ መጀመሪያውን 4፡00፣ መጨረሻውን 12፡00 ብዬ ጻፍሁ። ማታ ስለ ሆነ ለመጀመሪያው ፒ.ኤም.፣ ጠዋት ስለ ሆነ ለመጨረሻው ኤ.ኤም. መረጥሁ። በሥራዬ ኰርቼ ወደ ቢሮ ሄድሁ። በማግሥቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ከአለቃዬ ጋር ስብሰባ ተቀምጠን ሳለ፣ በጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኬ በድንገት ዐመድ ለበሰ፤ ደወሉም ተዘጋ። ማታ ደግሞ ልክ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን፣ መተኛት በሚገባኝ ሰዓት፣ እንደ ፋሲካ ሻማ በቀለም ተጥለቅልቆ በራ።

አደባባዩ ዳር ስልክ ለሚጠግን አንድ ልጅ ወስጄ አሳየሁት። ልጁ ከአሥራ ስምንት ዓመት አይበልጥም፤ ስልኩን አንድ ጊዜ አየና ሳቀ። «ጋሼ፤ ስልኩ የኛን ሰዓት አያውቅም እኮ!» አለኝ። እኛ ሰዓታችንን ከንጋትና ከምሽት ስንጀምር እሱ ከሌሊቱ እኩሌታና ከቀኑ እኩሌታ ይጀምራል። ምሽት 4 ሰዓት ለሱ 10 ነው፤ ንጋት 12 ሰዓት ለሱ 6 ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስልክ ስናይ በአሳባችን እየቀነስን እናነባለን። ማንበብ ግን ሌላ ነው፤ ማዘዝ ሌላ ነው፤ ትእዛዝ ስንሰጥ ቋንቋችንን እንናገራለን። ልጁ የመከረኝን ለአንባቢም ላካፍል። ስልኩን በ24 ሰዓት አቈጣጠር ማድረግ ይሻላል፤ ከዚያ በምሽቱ ሰዓት ላይ 18 መደመር ነው። 4 ሰዓት 22 ይሆናል፤ 5 ሰዓት 23 ይሆናል። የቀኑ ሰዓት ላይ 6 ብቻ ይደመራል። «ፀሐይ ስትጠልቅ» የሚል ምርጫ ያለው ስልክ ደግሞ ለኛ አገር ልዩ በረከት ነው። አውሮጳ ውስጥ ፀሐይ በበጋና በክረምት የምትጠልቅበት ሰዓት እጅግ ስለሚራራቅ ይህ ምርጫ ያወዛግባቸዋል፤ አዲስ አበባ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ከዓመት እስከ ዓመት ልዩነቱ አንድ ሰዓት አይሞላም። 12 ሰዓት ማለት ለኛ ምንጊዜም ምሽት ነው።

ያው ልጅ ሌላም ነገር ነገረኝ። በአገራችን የሚበዙት እንደ ቴክኖ ያሉ ስልኮች ባትሪ ለመቈጠብ ሲሉ የማይታየውን ፕሮግራም ሁሉ ከውስጥ ይዘጋሉ፤ ትእዛዝ ጠባቂውንም አብረው ይገድሉታል። ስለዚህ ባትሪ ቈጣቢው ያንን ፕሮግራም እንዳይነካው አስቀድሞ ማዘዝ ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ «አይሠራም» ብለው የተዉት ሰዎች ብዙ ናቸው አለ።

በሁለተኛው ሙከራ ብልኅ የሆንሁ መሰለኝ። ሰዓትን ትቼ «ቻርጀር ላይ ሲሰካ ተኛ» የሚለውን መረጥሁ፤ ስልኩን ከአልጋዬ ራቅ ባለው ሶኬት ላይ ሰክቼ መተኛት ነው። ሦስት ሌሊት ያህል መልካም ሆነ። በአራተኛው መብራት ጠፋ። ስልኩም ከሶኬቱ የተነቀለ መሰለውና ሌሊቱ ያለቀ ያህል ነቅቶ፣ የያዘውን መልእክት ሁሉ በአንድ ጊዜ እየጮኸ አፈሰሰው። ጐረቤቴ ግድግዳውን መታ። ይህን መሣሪያ የሠሩት ሰዎች መብራት በማይጠፋበት አገር እንደሚኖሩ በዚያ ሌሊት በሚገባ ተረዳሁ።

ስለዚህ ወደ ሰዓቱ ተመለስሁ፤ በ22 ጀምሮ በ6 የሚያበቃ። አሁን ሁሉ ልክ ሆነ፤ ልክ ያልሆንሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ስልኩ በ4 ሰዓት ይዘጋል፤ እኔም በ4 ሰዓት ከአንድ ደቂቃ በጣቴ እከፍተዋለሁ። አዋጁን የሚያወጣውም የሚሽረውም አንድ ጣት ከሆነ አዋጅ አይባልም። አይፎን የያዙ ሰዎች ስክሪን ታይምን በ4 ቍጥር ቈልፈው ቍጥሩን ለሌላ ሰው መስጠት ይችላሉ። የኔ ስልክ ግን ለመኝታ ጊዜው ቍልፍ የለውም፤ ልጁ ፕሮግራሞችን ሁሉ፣ ማስተካከያውንም ጭምር፣ በምሥጢር ቍጥር የሚቈልፍ መሣሪያ አስገባልኝ። ቍጥሩን የሚያወጣ ዳኛ ያስፈልገኝ ነበር።

አከራዬ ዘንድ ሄድሁ። እሳቸው ለብዙ ዓመት ዕቁብ የጣሉ፣ የቤት ኪራይም በቴሌብር የሚቀበሉ ሴት ስለ ሆኑ ነገሩ አልከበዳቸውም። ስለ መጽሐፉ ዋሽቼ እንደ ነበረም በዚሁ ተናዘዝሁ። ሳቁና «አውቄ ነበር፤ መጽሐፍ እንዲህ አያስቅም፤ ሌሊት ብቻህን ስትስቅ እሰማ ነበር» አሉኝ። ስልኩን ወደ ደረታቸው አስጠግተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ አራት ቍጥር ጻፉ። በማግሥቱ ማታ፣ «ለአንድ አስቸኳይ ጉዳይ ነው እማማ» ብዬ በራቸውን አንኳኳሁ። ከውስጥ ሆነው «የምሥጢር ቍጥር ለማንም አይሰጥም ተብለናል» አሉኝ። የቴሌብርን ማስጠንቀቂያ ከሳቸው ይበልጥ የሚያከብር ሰው አላየሁም።

ከዚህ በኋላ እንቅልፍ መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት በ5 ሰዓት፣ በሁለተኛው በ4 ተኩል መተኛት ጀመርሁ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሐኪሞች ማኅበር በአውሮጳ አቈጣጠር በ2015 ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንደሚያስፈልግ አስታውቆ ነበር፤ እኔም ከዩኒቨርስቲ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ያህል ተኛሁ። የሌሊቱንም ጥቅል አልተውሁትም፤ ማውረድ የምፈልገውን ትምህርት ከመተኛቴ በፊት አዝዤ እተኛለሁ፤ ስልኩ ዝም ብሎ ሲያወርድ ያድራል። ርካሹን ሌሊት እሱ ይንቃበት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁት ነበር።

እናቴና ታናሽ እኅቴ ደብረ ብርሃን ይኖራሉ። እናቴ አስም አለባት። በአንድ የመስከረም ሌሊት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ፣ መተንፈስ አቃታትና እኅቴ በጐረቤት እርዳታ ወደ ሆስፒታል ወሰደቻት። እኅቴ ሒሳብ ስላልነበራት «መልሰህ ደውልልኝ» የሚለውን መልእክት ላከችልኝ። መልስ ሲጠፋ በጐረቤት ስልክ አንድ ጊዜ ደወለች።  ስልኬ ሁለቱንም ተቀበለ፤ ሁለቱንም በትእዛዜ መሠረት ዝም አሰኛቸው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን ቀለሙን መልሶ በሥርዓት አሰልፎ አሳየኝ።

ስደውል እናቴ ሻል ብሏት ተኝታለች። እኅቴ ድምፅዋ ደክሞ «ስልክህ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። «እኔ ነኝ የዘጋሁት» አልኋት። ምንም አልመለሰችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ቀን አከራዬን ቍጥሩን አስከፍቼ ሁሉንም አነሣሁት። ለምን ብለው አልጠየቁም። በአገራችን ሌሊት የሚጮህ ስልክ ሁላችንንም ያስደነግጣል፤ የማይሰማ ስልክ ግን ከዚያ የባሰ እንደሚያስደነግጥ አየሁ። ከአንድ ሳምንት በኋላ እንደ ቀድሞው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ነቅቼ ስገኝ፣ «ስልኬን የከፈትሁት ለእናቴ ብዬ ነው» እያልሁ ቲክቶክ አያለሁ። አንድ ማለዳ አከራዬ በደጄ ሲያልፉ «ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀመርህ እንዴ?» አሉኝ።

ቁጭ ብዬ ሳስብ ስሕተቱ ከመዝጋቱ ላይ ሳይሆን ለማን መከፈት እንዳለበት ካለማሰቤ ላይ መሆኑን ተረዳሁ። ስልኩ «አትረብሽ» በተባለ ጊዜ እንኳ ሁለት በር አለው። አንደኛው፣ ኮከብ የተደረገባቸው ሰዎች ሲደውሉ ይጮኻል፤ እኔ በስንፍና ማንንም ኮከብ አላደረግሁም ነበር። ሁለተኛው፣ ያው ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ከደወለ ያስገባዋል፤ እኔም የታመንሁት በዚህ ነበር። ይህ ግን ሁለት ጊዜ ለሚደውል ሰው የተሠራ በር ነው። የኛ ሰው በጭንቅ ጊዜ አንድ ሚስኮል ያደርጋል፤ ወይም «መልሰህ ደውልልኝ» ይልካል። ያንን ቋንቋ ስልኩ አያውቅም፤ ማስተማር የኔ ፈንታ ነበር።

ስለዚህ እንደ ገና ወደ ልጁ ሄድሁ። ለእናቴ፣ ለእኅቴ፣ ለጐረቤቷ፣ ደብረ ብርሃን ላለው አጐቴና ለአከራዬ ኮከብ ሰጠሁ። ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ ግን አልገባም፤ እሱ እኛ ጋ ምሽት 4 ሰዓት ሲሆን ገና ከምሳ መነሣቱ ስለ ሆነ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ስለ ኳስ ይደውላል። ቀጥሎም በማክሮድሮይድ አንድ ትእዛዝ ጻፍን፤ «መልሰህ ደውልልኝ የሚል መልእክት ሲመጣ፣ በውስጡም ከነዚህ ቍጥሮች አንዱ ካለ፣ ደወሉን ክፈትና ጩኽ።» ልጁ ለዚህ ሥራ ገንዘብ አልተቀበለኝም። «የኔም እናት ገጠር ናት» አለኝ፤ እዚያው ቆሞም ያንኑ ትእዛዝ በራሱ ስልክ ላይ ጻፈው።

የቀረው አለቃዬ ነበሩ። የመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ከምሽቱ 5 ሰዓትም ትእዛዝ ይመጣበታል፤ «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ሪፖርቱ ይቅረብ።» ወጣት የሆነ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ፈረንሳይ በአውሮጳ አቈጣጠር ከ2017 ጀምሮ 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ሠራተኛው ከስልክ የሚለያይበትን ሁኔታ እንዲደራደሩ በሕግ አስገድዳለች። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳያልፍ ይወስናል፤ ስለ ቴሌግራም ግን የሚለው የለም፤ እኛን የመንግሥት ሠራተኞችንም በቀጥታ አይመለከትም። እኔ ሕግ ጠቅሼ ልከራከር አልደፈርሁም። አንድ ቀን ጠዋት ገብቼ «ጌታዬ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ቴሌግራም አላይም፤ አስቸኳይ ከሆነ ይደውሉልኝ፤ የርስዎ ስልክ ይገባል» አልኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «እኔስ ተኝቼ የምልከው ይመስልሃል?» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ደውለውልኝ አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ግን በኮሪደሩ ላይ ጠጋ ብለው ያ ስልክ የሚጠግን ልጅ በየትኛው በኩል እንደሚገኝ ጠየቁኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። ሰዓቱ 7 ነበር፤ ልክ የዚያን ሌሊት ሰዓት። ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሥቼ በጨለማ እየተደናበርሁ ወደ ሶኬቱ ሄድሁ፤ ዐመድ በለበሰው ገጽ ላይ የእኅቴ ስም ይታያል። እጄ እየተንቀጠቀጠ አነሣሁት።

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ተኝታለች። ይሠራ እንደ ሆነ ልሞክረው ብዬ ነው።»

መልስ አጣሁ።

«ሠራ» አለችኝ፤ «በል አሁን ተኛ።»